የ31 ዓመት ትዕግሥት

የአንድን ክለብ ዋንጫዎች መቁጠር ቀላል ነው። ዋንጫ በጠፋባቸው ዓመታት ክለቡን ማን ይዞት እንደቆየ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለ አይስላንዱ ኬአር ባነበብኩ ቁጥር ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ። ዛሬ ታሪኩን ላካፍላችሁ።

ሙሉ ስሙ ክናትስፒርኑፌላግ ሬይክያቪኩር ነው፤ የአገሩ ሰው ግን ኬአር ብሎ ያሳጥረዋል። የተመሠረተው በ1899 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ያን ጊዜ አይስላንድ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ነበረች፤ የዋና ከተማዋ የሬይክያቪክ ነዋሪም 7 ሺህ አይሞላም ነበር። እግር ኳስን ለከተማዋ ወጣቶች ያስተዋወቀው ፈርጉሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ሲሆን፣ እሱም የመጣው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነበር። ጨዋታው የጣማቸው ልጆች ሳንቲም አዋጥተው ኳስ ገዙ፤ ክለብም መሠረቱ። አይስላንድ ሪፐብሊክ የሆነችው በ1944 ነውና፣ እነዚያ ልጆች ያቆሙት ክለብ ሪፐብሊኩን በ45 ዓመት ይበልጠዋል።

የአገሪቱ የመጀመሪያ የእግር ኳስ ሻምፒዮና በ1912 ሲካሄድ ሦስት ቡድኖች ብቻ ተሳተፉ፤ አሸናፊው ኬአር ነበር። ያንን ጨምሮ በወንዶች 27 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በአይስላንድ ይህን ያህል ያገኘ ሌላ ክለብ የለም። ክለቡ በእግር ኳስም አልተወሰነም። ቅርጫት ኳስ፣ እጅ ኳስ፣ የበረዶ ሸርተቴ፣ ዋና፣ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ የአገሩ ባህላዊ ትግል ግሊማ ሳይቀር በአንድ ስም ሥር ተሰባስበው ኖረዋል። በከተማዋ ምዕራብ ባለው በቬስቱርባይር ሰፈር ላደገ ልጅ፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ማሊያ የሰፈሩ መታወቂያ ነው።

በ1964 ኬአር በአውሮፓ ዋንጫ የተጫወተ የመጀመሪያው የአይስላንድ ክለብ ሆነ። በዕጣ የደረሰውም ሊቨርፑል ነበር፤ ለሊቨርፑልም የመጀመሪያው የአውሮፓ ውድድር ነበር። ነሐሴ ወር ላይ ሬይክያቪክ ውስጥ 5 ለ 0፣ ከዚያም በሊቨርፑል ሜዳ በአንፊልድ 6 ለ 1 ተሸነፉ። ያቺን አንዲት ጎል ያስቆጠረው ጉናር ፌሊክሶን ነው። በውጤቱ ብቻ ካየነው የተራ ሽንፈት ታሪክ ነው። ግን አስቡት፤ ሥራ እየሠሩ ኳስ የሚጫወቱ የአንዲት ትንሽ ከተማ ልጆች በእንግሊዝ ሻምፒዮን ሜዳ ላይ ጎል አግብተው ተመለሱ።

በ1968 ኬአር እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ የሊጉ ዋንጫ 31 ዓመት ጠፋ።

እኔን የሚማርከኝ ይህ ዘመን ነው። በ1977 ክለቡ ከአንደኛው ዲቪዚዮን ወረደ፤ በዓመቱ ተመለሰ። በ1994 እና በ1995 የጥሎ ማለፉን ዋንጫ ቢያነሣም ሊጉ እንደራቀ ቀረ። በ1996 በመጨረሻው ጨዋታ አክራነስ ከተማ ሄዶ በዚያው ቡድን ተሸነፈ፤ ዋንጫው እዚያው ቀረ። በ1998 ደግሞ የመጨረሻው ጨዋታ በገዛ ሜዳው ነበር። ከቬስትማን ደሴቶች የመጣው ቡድን 2 ለ 0 አሸንፎ በኬአር ደጋፊ ፊት ሻምፒዮን ሆነ። በ1968 ሕፃን የነበረ ልጅ አድጎ፣ ወልዶ፣ የራሱን ልጅ እጅ ይዞ ሜዳ ገብቶ ያየው ይህንን ነው።

በ1999 ክለቡ 100 ዓመት ሞላው። በአሠልጣኝ አትሊ ኤድቫልድሶን የሚመራው የወንዶች ቡድን በዚያው ዓመት ሊጉንም ጥሎ ማለፉንም ወሰደ። የሴቶቹ ቡድንም እንዲሁ ሁለቱንም አነሣ። በልደቱ ዓመት የአገሪቱ አራቱም ትልልቅ የእግር ኳስ ዋንጫዎች አንድ ቤት ገቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ሴቶቹ በ1997 እና በ1998ም ሻምፒዮን ነበሩ። ወንዶቹ ሲያዝኑ የክለቡን ስም ከፍ አድርገው የያዙት እነሱ ናቸው።

ታዲያ በእነዚያ 31 ዓመታት ክለቡን ማን ያዘው? መልሱ በአሠራሩ ውስጥ ነው። የአይስላንድ የስፖርት ክለብ የአባላት ማኅበር ነው። አባላቱ በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጠው አመራሩን ይመርጣሉ፤ ብዙው ሥራ የሚሠራው በበጎ ፈቃድ ነው። ዋናው ቡድን ቢሸነፍም የሰፈሩ ሕፃናት ልምምድ አይቀርም፤ ወላጅ ልጁን ያመጣል፣ አሠልጣኙ በሰዓቱ ይገኛል። እንዲህ ያለ ክለብ ሽንፈት ያሳዝነዋል እንጂ አያፈርሰውም።

የተጎዳ ይነሣል፣ የሄደም ይመለሳል። ኋላ በቼልሲና በባርሴሎና የምናውቀው ኤይዱር ጉድዮንሰን ከከባድ ጉዳት አገግሞ በ1998 እንደገና መጫወት የጀመረው በኬአር ማሊያ ነው። ሩናር ክሪስቲንሶን ከዚህ ክለብ ወጥቶ በአውሮፓ ለረጅም ዓመታት ተጫወተ፤ ተመልሶም በአሠልጣኝነት የ2011፣ የ2013 እና የ2019 ሻምፒዮን አደረገው። የቅርጫት ኳሱ ወንዶች ቡድን ከ2014 እስከ 2019 ስድስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2023 ወረደ፤ በ2024 ተመልሶ ወጣ። ማግኘትና ማጣት በዚህ ቤት አብረው የኖሩ ናቸው።

ክለብ ለምትመሩ፣ ለምትደግፉ፣ ልጆቻችሁን ለልምምድ ለምታመላልሱ ሁሉ የምለው ይህ ነው፦ ክለባችሁን በዘንድሮው ውጤት ብቻ አትመዝኑት። ታዳጊዎቹ የሚሠለጥኑበት ሜዳ አለ ወይ? ሴቶቹ እኩል ቦታ አላቸው ወይ? አባሉ ጉባኤ ገብቶ ድምፅ ይሰጣል ወይ? እነዚህ ካሉ ዋንጫው ቢዘገይም ክለቡ ይኖራል። ከሌሉ ግን ጠይቁ፣ ተሰብሰቡ፣ ኃላፊነት ውሰዱ። ኬአርን ከመቶ ዓመት በላይ ያቆየው ይህንን ያደረጉ ተራ ሰዎች ሥራ ነው።