መርፌ ይሻለዋል ያልኩት እኔ ነበርኩ

በዚህ ዓምድ የሌሎችን እናቶች ችግር እየሰማሁ፣ ሐኪም እየጠየቅሁ፣ ምክር ብጤ ጨምሬ ሳቀርብላችሁ ቆይቻለሁ። የዛሬው ጉዳይ ግን የራሴ ቤት ጉዳይ ነው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ይመስለኛል። ስለ ልጆች ጤና በየጊዜው ስጽፍ፣ የገዛ ልጄ አካሄድ መበላሸቱን ለማስተዋል ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛልና።

ልጄ ከሁለት ዓመቱ አንሥቶ ክረምት በገባ ቁጥር ጉሮሮው ያብጥ፣ ትኩሳት ይይዘው ነበር። ሐኪም ሽሮፕ ሲያዝለት ቅር ይለኛል። ሽሮፑን አፉ ውስጥ ይዞ ይቆይና ይተፋዋል። እኔ ደግሞ በማግሥቱ ሥራ መግባት አለብኝ። ስለዚህ «መርፌ ይሻለዋል፤ መርፌ ቶሎ ያድናል» እላለሁ። ያዘዘ ሐኪም ባይኖርም እንኳ በሰፈራችን መርፌ የሚወጋ ሰው ቤት ድረስ ይመጣልናል። ልጁ ያለቅሳል፤ እኔ እግሩን እይዛለሁ፤ መቀመጫው ላይ ይወጋል፤ በማግሥቱ ትኩሳቱ ይበርዳል። የጎበዝ እናት ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ስንት ጊዜ እንደተወጋ ቁጥሩን አላውቀውም።

ሰባት ዓመት ሲሆነው ከሰፈር ልጆች ጋር ብይ ሲጫወት አየሁት። ሌሎቹ ቁጢጥ ብለው ይጫወታሉ። እርሱ ግን ወይ ይንበረከካል፣ ወይ ጉልበቶቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፍቶ ይቀመጣል። ልጆቹም «እንቁራሪት» የሚል ስም አውጥተውለታል። እነርሱን ተቆጥቼ ገባሁ እንጂ ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም። እንዲያውም አንድ ቀን እንግዳ ፊት እግሩን ከፍቶ ቢቀመጥ «እግርህን ግጠም፣ ባለጌ!» ብዬ ጉልበቱን መትቼዋለሁ። ለመግጠም ሲታገል ላብ ላብ ይለው እንደነበር ትዝ የሚለኝ አሁን ነው።

ይባስ ብሎ፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት እንደማይገባ መምህርቱ ነገረችኝ። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ቁጢጥ ሲል ወደ ኋላ ስለሚወድቅና ልጆች ስለሚስቁበት፣ ጠዋት ውኃ ሳይጠጣ ይሄድ ኖሯል።

ነገሩን ያገኘችው እናቴ ናት። አንድ ቅዳሜ ገላውን ስታጥበው ጠራችኝና «ነይ እስቲ ልጄ፣ ይኸን እዪ። መቀመጫው እዚህ ጋ ጎድጉዷል፤ ሲነካም እንደ ጠፍር ጠንካራ ነው» አለችኝ። ሰኞ ዕለት ይዤው ወደ አጥንት ሐኪም ሄድኩ።

ሐኪሙ ገና ምንም ሳይነካው «እስቲ ማሙሽ፣ እግርህን ገጥመህ ቁጢጥ በል» አለው። አልቻለም። ወንበር ላይ አስቀምጦ አንዱን እግር በሌላው ላይ እንዲያነባብር ጠየቀው። ይህንንም አልቻለም። ጭኑን ሲያጥፈውና ሲዘረጋው ዳሌው ላይ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እናት፣ በሕፃንነቱ መርፌ በዝቶበት ነበር?» አለኝ። ምላሴ ተሳሰረ።

እንደገለጸልኝ፣ አንዳንድ መድኃኒት ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ጡንቻውን ይጎዳዋል። ጉዳቱ ሲሽር በቦታው የሚተካው እንደ ሥጋ የሚለጠጥ ሳይሆን እንደ ጠባሳ የጠነከረ ነገር ነው። መርፌው ሲደጋገም ጠባሳው እየተያያዘ ጠፍር ይሠራል። ልጁ ያድጋል፤ አጥንቱ ይረዝማል፤ ጠፍሩ ግን አይለጠጥም። ስለዚህ ጭኑን ወደ ውጭ ስቦ ይይዘዋል። የተወጋ ልጅ ሁሉ እንዲህ አይሆንም፤ አልፎ አልፎም ያለ መርፌ የሚመጣበት አለ። ዋናው ምክንያት ግን መቀመጫ ላይ የተደጋገመ መርፌ ነው።

ችግሩ በእኛ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። በብዛት የታየው በቻይና ነው። በዚያ አገር ፔኒሲሊን ለሕፃናት ሲወጋ፣ ሕመሙን ለማስታገስ ቤንዚል አልኮል በሚባል ፈሳሽ ይበጠበጥ ነበር። ልጁ እንዳያለቅስ የገባው ፈሳሽ ጡንቻን የሚጎዳ ሆኖ ስለተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕፃናት የጡንቻ መርፌ መበጥበጫ እንዳይሆን ተከለከለ። ከእኛ ብዙ በማትርቀው በዩጋንዳም፣ በምሥራቅ በኩል በኩሚ አካባቢ፣ ለወባ ተብሎ ኩዊኒን መቀመጫቸው ላይ የተወጉ ልጆች ይኸው ችግር ደርሶባቸዋል።

ለጥቂት ወራት ፊዚዮቴራፒ ሞከርን። ጠፍሩ የቆየ ስለነበር አልላላም። የቀረው በኦፕራሲዮን ቆርጦ ማላቀቅ ነው ተባልኩ። በዚያን ጊዜ እንቅልፍ ያሳጣኝ አንድ ነገር ነበር። ሐኪሙ ሳይደብቅ እንደነገረኝ፣ በመቀመጫ ጡንቻ ሥር ሳያቲክ የሚባለው ነርቭ ያልፋል። ከታችኛው ጀርባ ተነሥቶ ወደ እግር የሚወርድ፣ በአዋቂ ሰው የጣት ያህል የሚወፍር ትልቅ ነርቭ ነው። እርሱ ከተጎዳ እግር ይዝላል፤ ልጁ እግሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ ይቀራል። ሸፋፋ አካሄዱን ላቃና ብዬ ጭራሹን ባሰናክለውስ? አንድ ጊዜ «ይሻለዋል» ብዬ ወስኜ የጎዳሁት እኔ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ልፈርም ስል እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሐኪሙ ፍርሃቴን አይቶ በትዕግሥት አስረዳኝ። በቀድሞው አሠራር ቆዳው በረጅሙ ይከፈታል። ሐኪሙ ቦታውን ገልጦ ያያል፤ ልጁ ግን ትልቅ ጠባሳ ይቀርበታል፤ ከአልጋ ለመነሣትም ይዘገያል። በአዲሱ ዘዴ የሚከፈተው ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። በአንዱ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ በሌላው ጠፍሩን የሚቆርጠው መሣሪያ ይገባል። ነገር ግን ቀዳዳው ሲጠብ የሚታየውም ይጠባል። ጠባሳው ዙሪያውን ስለሚያጣብቅም ነርቩ ወደ ጠፍሩ ተጠግቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት የዚህ ልጅ ነርቭ የት እንዳለ በምስል ማወቅ ያስፈልጋል።

ራጅ ነርቭን አያሳይም። ነርቭን ለይቶ የሚያሳይ የኤም አር አይ አነሣስ የተጀመረው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ነው። በአልትራሳውንድም ነርቩና ጡንቻው ይታያሉ፤ ጨረር የለውም፤ ልጁንም አያመውም። ለልጄ የታዘዘው ይኸኛው ነበር።

እህቶቼ፣ አልትራሳውንድ ለእርግዝና ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይህን ልጅ በሆዴ ሳለ መጀመሪያ ያየሁት በዚያ መሣሪያ ነው። አሁን ደግሞ በዚያው መሣሪያ ነርቩን አየሁት። ጥቃቅን ነጠብጣብ የታጨቀበት፣ የማር እንጀራ የመሰለ ነገር ነው። ሐኪሙ ከላይ እስከ ታች እየተከተለ በቆዳው ላይ በቀለም መስመር አሰመረበት። ከጎኑ የጠፍሩን ዳርቻ በሌላ መስመር አሰመረ። «ሥራዬ እዚህ ነው፤ ከዚህ መስመር አልሻገርም» አለኝ። ምስሉ የሐኪሙን እጅ እንደማይተካ፣ መንገድ እንደሚያሳየው ብቻ ነገረኝ። እኔ ግን በልቤ ሌላ ነገር አስብ ነበር። ያ ሁሉ መርፌ በዚህ ነርቭ አጠገብ በጭፍን ሲገባ፣ እግሩን ጥርቅም አድርጌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ፈረምኩ። በኦፕራሲዮኑ ቀን ከማደንዘዣው ሲነቃ ሐኪሙ መጀመሪያ ያለው «ማሙሽ፣ የእግርህን አውራ ጣት ወደ ላይ አንሣ» ነው። አነሣ። ሌላውንም አነሣ። እልል ማለት ቃጣኝ፤ እናቴ ግን ቀድማኝ መሬት ሳመች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኛ ነው። ጠፍሩ ተመልሶ እንዳይጣበቅ፣ በወለሉ መስመር ላይ ቀጥ ብሎ መራመድ፣ እግር ማነባበር፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ለወራት በየቀኑ መደረግ አለበት። ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ ትዕግሥት የፈለገው ይኸኛው ነበር። አንድ ማታ ስናለማምደው፣ ጉልበቱን ስለመታሁት ቀን ይቅርታ ጠየቅሁት። ቀኑን እርሱ ረስቶታል። «እማዬ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ገባሁ» አለኝ።

ውድ እናቶች፣ ይህን የጻፍኩት መርፌን እንድትፈሩ አይደለም። ክትባት አታስቀሩ፤ ሕፃናት የጡንቻ ክትባት የሚወጉት ጭናቸው ላይ እንጂ መቀመጫቸው ላይ አይደለም። ሐኪም ይህ ሕመም መርፌ ይፈልጋል ካለም ይወጋ። ነገር ግን የሚዋጥ መድኃኒት ሲታዘዝ «መርፌ ይሁንልኝ» ብለን አንለምን። መርፌ ሲታዘዝም «በሚዋጥ አይሆንም ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቤት መጥቶ የሚወጋ ሰው አናስገባ።

እንዲሁም ልጃችሁ እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ማለት ካቃተው፣ እግሩን ማነባበር ካልቻለ፣ ሲራመድ ጣቶቹ ወደ ውጭ ከዞሩ፣ መቀመጫው ላይ ጎድጓዳ ካያችሁ ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ወጌሻ ጋ ማሳሸት ጠፍሩን አያላቅቀውም። ከሁሉ በፊት ግን «ባለጌ» አትበሉት፤ እግሩ አልገጥምለት ብሎ ይሆናል።