በኢምፔሪያል ሰፈር አንዲት እሬት ቤት ስለ መለወጧ

ከመገናኛ ተነሥቶ በቀለበቱ መንገድ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ የሚወርድ ሰው በመካከሉ የሚያገኘው ሰፈር ኢምፔሪያል ይባላል። ስሙ በዚያ ከተሠራው ሆቴል የተወረሰ ነው፤ በአዲስ አበባ የሆቴልና የሲኒማ ስም ለሰፈር መጠሪያ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይተናልና ይህ አያስደንቅም። የቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ በልደታው ፋንታ ሥራ በጀመረበት በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ይህ ወገን ገና የከተማ ዳር መስክ ነበረ። ዛሬ ፎቅ ከፎቅ ጋራ ተጋፍቶ ስለ ቆመ መስክነቱ የሚታወቀው የአዲስ ሕንፃ መሠረት በተቆፈረ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ከጕድጓዱ ጥቁሩ አፈር እየተዛቀ በመንገዱ ዳር ይከመራል።

እኛን ያሳተን ይኸው አፈር ነው።

እናታችን በግቢያቸው ደጅ እሬት ያሳድጉ ነበር። እኛንም ታናናሾቻችንንም ጡት ያስጣሉን በዚያው ቅጠል ምሬት መሆኑን እየሣቁ ይነግሩን ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ግቢው ፈርሶ ለሌላ ሥራ በዋለ ጊዜ፣ ከእናቲቱ እሬት ሥር የበቀለችውን ከአውራ ጣት የማትበልጥ ልጅ በድልህ ቆርቆሮ ይዘን ወጣን። ከዚያ ወዲህ የዚያ ግቢ ዘር የሚገኘው በኢምፔሪያል በሚገኘው ቤታችን መስኮት ላይ ብቻ ነው።

ቆርቆሮው በዛገና ሥሯም በታች በኩል ብቅ ባለ ጊዜ የተሻለ ቤት ልንሰጣት አሰብን። ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ አፈጻጸሙ የከፋ ሆነ። ወሩ ሐምሌ ነበረ፤ የገዛነው ማሰሮ የሚያብለጨልጭና ያማረ፣ ነገር ግን ከሥሩ ሽንቁር የሌለው ነበረ፤ አፈሩንም ጥቁር ሁሉ ለም ነው ብለን ከተከመረው አመጣን፤ በላዩም ውኃ ሳንሳሳ አፈሰስንበት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሎቿ እንደ ተቀቀለ ጎመን ለሰለሱ፤ ግርጌዋም ጠቈረ።

ይህን ጭንቀታችንን በጎረቤት ያለውን የሕንፃ ሥራ ለሚጠብቁት ሽማግሌ ዘበኛ ብናጫውታቸው፣ «ጌታዬ፣ ይህ ዋልካ እኮ ቤት የሚሰነጥቅ አፈር ነው። ስንት ገንዘብ ወጥቶበት የሚጣለውን እርስዎ በማሰሮ ያስገቡታል?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መሐንዲሶች እርሱን አስወጥተው በስፍራው ሌላ ሙሌት ያስገባሉ። በማሰሮ ውስጥ ሲሆንም ውኃውን አምቆ ይይዛል፤ ሥሩም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። አብዛኛው የአገራችን እሬት ግን ውኃ በማይቆምበት በድንጋያማ ተዳፋት ላይ የሚበቅል ነው። ስለ እነዚህ ዓይነቶች ብዛት ማወቅ ለሚሻ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኖርዌይቱ ሊቅ ከኢንገር ኖርዳል ጋራ ሆነው ያሳተሙት መጽሐፍ አለ።

ሽማግሌው በዚያው ሳያበቁ ሠራተኞች ቀይ አሽ ከሚሉት ጠጠር አንድ ባልዲ ሰጡን። ይህ ጠጠር በቢሾፍቱ ወገን ካሉት የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች የሚቆፈር፣ ቀላልና ባለ ብዙ ቀዳዳ ነው። ሕንፃው የሚጥለውን ጥቁር አፈር ለእሬቲቱ ሰጥተናት ነበር፤ የሚፈልገውን ቀይ ጠጠር ነፍገናት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ይህ ነው። እሬቲቱን ነቅለን ጭቃውን አራገፍንላት፤ የጠቈረውንና የለሰለሰውን ሥር በአልኮል በተጠረገ ቢላዋ ነጭ ሥጋዋ እስኪታይ ቈረጥን። ወዲያው አልተከልናትም፤ ቍስሉ እስኪደርቅ አምስት ቀን በጥላ ስፍራ በጋዜጣ ላይ አጋደምናት። የቤታችን ሰዎች ሁሉ ሞታለች ብለው ነበር። ማሰሮውንም ለውጠን፣ ከሥሯ በሁለት ጣት ብቻ የሚሰፋ፣ ሽንቁር ያለው ተራ ሸክላ ገዛን፤ ማሰሮ ከመጠን በላይ ሲሰፋ ሥር የማይደርስበት አፈር እርጥብ ሆኖ ይከርማልና። ቀዩን ጠጠር ነፍተን ሁለት እጅ፣ የበሰበሰ የቅጠል አፈር አንድ እጅ አድርገን ቀላቅለን ተከልናት። አንድ ሳምንት ሙሉም ውኃ አላቀመስናትም።

ውኃ መከልከሉ ጭካኔ የሚመስለው ሰው የእነዚህን ተክሎች ጠባይ ይመልከት። ቤንያሚን ሄይን የሚባል ሰው በህንድ አገር ሳለ፣ ከእኛ እንዳሁላ ወገን የሆነ አንድ ቅጠል ማለዳ ሲቀምሰው ኮምጣጣ፣ ቀትር ላይ ጣዕም የለሽ፣ ወደ ማታ መራራ እንደ ሆነበት ጻፈ፤ ጽሑፉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1815 ታተመ። ምክንያቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ተገለጠ። ሌላው ተክል በቀን ሲተነፍስ እነዚህ ግን ቀዳዳቸውን በሌሊት ከፍተው አየሩን ያስገባሉ፤ በኮምጣጤ መልክ አኑረው ቀን በፀሐይ ይሠሩበታል፤ በሐሩርም ጊዜ ስለሚዘጉ ውኃቸው አይባክንም። እሬትም በዚሁ ሥርዓት ትኖራለች። ነገር ግን በማናቸውም ሰዓት መራራ ስለ ሆነች አንባቢ የሄይንን ሙከራ በእርሷ ላይ እንዳያደርግ እንለምናለን።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቁ መስኮት አስጠጋናት። ውኃም የምንሰጣት ጣታችንን በጠጠሩ ውስጥ አስገብተን ደረቅ ሆኖ ስናገኘው ብቻ ሆነ። በጥቅምት መጨረሻ ከመካከሏ አንድ ቀጭን ቅጠል ወጣ፤ በየካቲትም በጎኗ ትንሽ ልጅ አበቀለች።

ሽማግሌው ዘበኛ ይህን በሰሙ ጊዜ በጥበቃ ቤታቸው ደጅ ያለውን ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ከሥሩ በምስማር በስተው፣ ቀዩን ጠጠር ሞልተው አሳዩን። ልጂቱ ሥር እስክታወጣ እየጠበቅን ነው።