ስኳሩ ከወረደ ሌላው ክኒን ለምን?

የካኩማ ወገኖቻችን! እኛ መምህራን ሐኪሞች አይደለንም። ሆኖም የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ስኳር ያለባቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ከክሊኒክ ሲመለሱ «እስቲ ይቺን አንብቡልን» እያሉ ወደ እኛ ይመጣሉ። የስኳሩን ክኒን ሜትፎርሚንን ለምደውታል። ሁለተኛው ሲምቫስታቲን ወይም አቶርቫስታቲን ሲሆን ግን ጥያቄው ይነሳል። «ጮማ አልበላን፣ ቅቤ አላየን! የራሽን ማሽላና ክክ እየበላን ኮሌስትሮል ከየት መጣብን? እሱ የሀብታም በሽታ አይደለም እንዴ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ኮሌስትሮል የሚባለው ቅባት ከምግብ ብቻ አይመጣም፤ አብዛኛውን የሚሠራው የገዛ ጉበታችን ነው። ስኳር በሽታ የደም ሥርን ውስጡን ሲጎዳው ቅባቱ እዚያ ይለጠፍና መተላለፊያውን ያጠባል። ልብ ላይ ሲዘጋ ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው፤ ጭንቅላት ላይ ሲዘጋ ስትሮክ ነው፣ ግማሽ አካልን ሽባ የሚያደርገው። ክኒኑ ጉበት የሚሠራውን ቅባት ይቀንሳል።

«የኔ ኮሌስትሮል ብዙም አልጨመረም» የሚሉም አሉ። በእንግሊዝና በአየርላንድ 2,838 የዓይነት ሁለት ስኳር ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። የነዚህ ሰዎች ኮሌስትሮልም ያን ያህል ከፍ ያለ አልነበረም። በቀን 10 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን በወሰዱት ላይ የልብና የስትሮክ አደጋ፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር፣ ከሲሶ በላይ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ የዓይነት ሁለት ስኳር ሕሙማን ይህን መድኃኒት ይመክራል።

የሚያስቸግረን ክኒኑ ምንም ስለማይሰማን ነው። የራስ ምታት ክኒን ስንውጥ ወዲያው ይሻለናል። ይኼኛው ግን ዝም ብሎ ነው የሚሠራው። ስለዚህ «ስኳሬ ወርዷል» ብለን እንተወዋለን፣ ወይም ለጎረቤት እናካፍላለን። መካፈል ደግ ልማዳችን ነው፤ ቡናም ጨውም እንካፈላለን። ክኒን ግን አይካፈልም፤ ለእርስዎ የታዘዘው ጎረቤትዎን ሊጎዳ ይችላል።

ስለ ጾምም ብዙ ሰው ይጠይቀናል። በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ጾም አያግደውም። ሲምቫስታቲን ማታ ይዋጣል፤ አቶርቫስታቲን በተመቸን ሰዓት። የስኳሩን ክኒንና ኢንሱሊንን በጾም ጊዜ እንዴት እንደምንወስድ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም።

መጠንቀቅም አለብን። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች እህት ለሐኪም ትንገር። ምክንያቱ ያልታወቀ ብርቱ የጡንቻ ሕመም ወይም የጠቆረ ሽንት ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ክሊኒክ መሄድ ነው። ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝልንም «ይህን እወስዳለሁ» ብለን ካርቶኑን እናሳይ፤ አብረው የማይሄዱ አሉና።

እዚህ አንድ አባወራ በስትሮክ ቢወድቅ ሎድዋር ድረስ መንገዱ ሩቅ ነው። እናት ብትወድቅ ውሃ የሚቀዳው፣ ራሽን የሚሰለፈው ከትምህርት የሚቀረው ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ ባዶ የሆነውን ወንበር የምናየው እኛ ነን።

ስለዚህ ካርቶኑን ይዛችሁ ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ብቅ በሉ። ሐኪሙ ያዘዘውን መጠንና ሰዓት በአማርኛ እንጽፍላችኋለን። ክኒኑ ሳያልቅም የሚቀጥለውን ለመውሰድ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

ቸር ይግጠመን።