በጊዜ ያላነሳ

አሸናፊ የሌለው ጨዋታ አለ። ሩሲያውያን «ዱራክ» ይሉታል፤ «ሞኝ» ማለት ነው። ካርታውን ቀድሞ የጨረሰ ዝም ብሎ ይወጣል እንጂ አይጨበጨብለትም። ስም የሚወጣለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ ካርታ እጁ ላይ የቀረበት። ሞኙ እሱ ነው።

በ1980 ዓ.ም ለትምህርት ኪየቭ የገባ አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ጨዋታውን የተማረው ዶርም ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሶቪየት ኅብረት ይማሩ ነበር። ብርዱ ከቤት አያስወጣም፤ ማታ ማታ ሻይና ካርታ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 5 ያሉት ይወጡና 36 ካርታ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ስድስት ይታደላል፤ ሌላው ይከመራል። አንድ ካርታ ይገለበጥና የእሱ ዓይነት «ኮዚር» ይሆናል፤ ኮዚር ሌላውን ሁሉ ይመታል። አንዱ ያጠቃል፣ ከጎኑ ያለው ይከላከላል። የመጣበትን በሚበልጥ ካርታ ወይም በኮዚር ካልመታ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ አንስቶ እጁ ላይ ይጨምራል። የጎደለበት ደግሞ ከክምሩ እየሳበ ስድስት ይሞላል።

ልጁ ማንሳት አይወድም ነበር። «አንሳ!» ሲሉት ደሙ ይፈላል። ለአንዲት 7 ብሎ የኮዚሩን ንጉሥ ይወረውራል። ክምሩ እስካለ ድረስ ያዋጣዋል። ክምሩ ሲያልቅ ግን እጁ ላይ አንድም ኮዚር የለም። በየማታው ሞኙ እሱ፣ ካርታ የሚበውዘውም እሱ።

አንድ ቀን አንድ አንጋፋ ተማሪ፣ «ስማ፣ አንተ የምትሸነፈው እኮ ላለመሸነፍ ስትል ነው። ገና ክምሩ ሳያልቅ ሦስት ካርታ ብታነሳ ምን ትሆናለህ? ያነሳኸው ነገ መምቻህ ነው» አለው።

ምክሩ ከካርታ አልፎ ገባው። የዚያን ዓመት የሜካኒክስ ፈተና ወድቆ፣ ለቤተሰቡ «ሁሉም ደኅና ነው» እያለ ይጽፍ ነበር። ቋንቋው ሳይገባው ወደ ሚቀጥለው ዓመት ለማለፍ ደጅ ይጠና ነበር። በመጨረሻ ዓመቱን ደገመ፤ ለአባቱም እውነቱን ጻፈ። አብረውት ከሄዱት አንድ ዓመት ዘግይቶ ተመረቀ። ዛሬ መሐንዲስ ነው።

ያስተማረችው አገር ግን ይህን አልተማረችም። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም ቼርኖቤል ሲፈነዳ፣ መንግሥት ለሕዝቡ የተናገረው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር፤ ያውም በአጭር መግለጫ። በአምስተኛው ቀን ኪየቭ ውስጥ የሜይ ዴይ ሰልፍ ተደረገ፤ ልጆችም ተሰለፉ። ላለማፈር ሲባል ኮዚር ተወረወረ። ታኅሣሥ 1984 ዓ.ም ላይ ሶቪየት ኅብረት የለችም።

የእኛም ቤት ያው ነው። ደርግ በ1982 ዓ.ም «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ብሎ ከመንገዱ ሲመለስ ክምሩ አልቆ ነበር። ከአንድ ዓመት ጥቂት አልፎ፣ ግንቦት 1983 ዓ.ም ወደቀ። ያው እርምጃ ከአሥር ዓመት በፊት ተወስዶ ቢሆን ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ያኔ ግን ቢያንስ የሚሳብ ካርታ ነበር።

ዛሬም «ተሳስተናል» ማለት እንደ ሞት የሚቆጠርበት አገር ውስጥ ነን። ባለሥልጣኑም፣ ተቃዋሚውም፣ የቤት አባወራውም ትንሿን ሽንፈት ላለመቀበል ትልቁን ካርታ ይመዛል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

መሐንዲሱ አሁን ጨዋታውን ለልጁ እያስተማረ ነው። እሷም እንደ አባቷ ማንሳት አትወድም። ትናንት ማታ ለአንዲት 6 ኮዚር ልትጥል ስትል እጇን ያዝ አደረገና፣ «አንሺው የኔ ልጅ፤ ገና ነው» አላት።