የልጆች በሽታ አዋቂን ሲይዝ፦ የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ

 

በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች መካከል ደጋግሞ የሚመጣ አንድ አለ። መጀመሪያ ፎቶ ይመጣል፦ መዳፍ ላይ ወይም ውስጥ እግር ላይ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች። ቀጥሎ አጭር ጽሑፍ፦ «ዶክተር፣ ይሄ ምንድን ነው? ለማንም አልተናገርኩም።» ሽፍታው ብዙ ጊዜ በሳምንት በአሥር ቀን ይድናል። «ለማንም አልተናገርኩም» የሚለው ግን ያሳስበኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁም በእሱ ምክንያት ነው።

የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት ኮክሳኪ የሚባሉ ቫይረሶች ናቸው። ስማቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1948 መገኘታቸው ከተገለጸባት በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት ካለች ትንሽ ከተማ ነው። ስሙን ሰምታችሁ ከብቶችን የሚይዘው አፍተግር እንዳይመስላችሁ። ያ ሌላ ቫይረስ ነው፤ ይሄኛው ከከብት አይመጣም፣ ወደ ከብትም አይሄድም።

በብዛት የሚይዘው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው። ስለዚህ «አዋቂ አይዘውም» የሚል እምነት አለ። ይይዘዋል። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ስለተጋለጥን ምንም ሳይታወቀን ያልፋል። ነገር ግን የቫይረሱ ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ አንዱን መቋቋም ሌላውን መቋቋም ማለት አይደለም። በሽታው አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ድጋሚ ሊያዝ የሚችለውም ለዚህ ነው።

አንድ ታካሚዬን ላንሳላችሁ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ሹፌር ነው። የመኪና መሪ መጨበጥ አቅቶት፣ ሲራመድም መርፌ ላይ እንደሚረግጥ ሰው እየተጠነቀቀ ገባ። ባለቤቱ አብራው መጥታለች፤ ግን ከእሱ ራቅ ብላ ነው የተቀመጠችው። ነገሩ የጀመረው በትኩሳትና በጉሮሮ ሕመም ነበር። «ምች ነው» ተባለና ዳማከሴ ታሸ። በሦስተኛው ቀን መዳፉና ውስጥ እግሩ ሲቆጣ አንድ ጎረቤት «መዳፍ ላይ የሚወጣ ሽፍታ የቂጥኝ ነው» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባልና ሚስት አልተነጋገሩም። እሱ ደግሞ በራሱ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ጀምሯል።

ባለቤቱን ለጥቂት ደቂቃ ውጪ እንድትጠብቅ ጠይቄ ብቻውን አናገርኩት፤ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሁልጊዜ ለብቻ ነው የሚጠየቀው። ቀጥሎ እሷን አስገብቼ ለሁለቱም አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ «ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ አለ?»

«የሁለት ዓመት ልጅ አለን» አለች። «ባለፈው ሳምንት ምግብ እንቢ ብሎ ሲያለቅስ ነበር የሰነበተው። ጥርስ እያበቀለ መስሎን ነው። መቀመጫው ላይም ሽፍታ ነበረው፤ ዳይፐሩ ነው ብዬ ቅባት ቀባሁት።» አባትየው ደግሞ ልጁ ሲያስተርፍ በዚያው ማንኪያ የሚጨርሰው እሱ ነው። በሽታው ከተጋለጡ ከ3 እስከ 6 ቀን ውስጥ ስለሚጀምር ቀኑም ገጠመ።

አፉን ሳየው ምላሱ ጎንና ላንቃው ላይ ቁስሎች ነበሩ። ምርመራዬ ወደ አንድ ቦታ ነው የሚያመለክተው። ቢሆንም እሱን አስፈቅጄ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ አዘዝኩ። ሁለቱም ነፃ ሆነ። «በሽታውን ካወቅሽው ምርመራው ለምን?» ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ መዳፍ ላይ ሽፍታ ያለበትን አዋቂ ቂጥኝ መመርመር ተገቢ ሕክምና ነው። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ የገባ ጥርጣሬ በሐኪም ምክር ብቻ አይወጣም። የደም ምርመራ ስድብ አይደለም፤ ሐኪም ሲያዝላችሁ አትቀየሙ።

ታዲያ እንዴት ይለያል? የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ ሽፍታ ብዙ ጊዜ ያማል ወይም ያቃጥላል፤ ሞላላ ሆኖ ውኃ ይቋጥራል፤ አፍ ውስጥም ቁስል ይኖራል። የቂጥኝ ሽፍታ በአብዛኛው አያምም፣ አያሳክክም፣ ውኃም አይቋጥርም። ጉድፍ (ቺክን ፖክስ) ደረት፣ ጀርባና ፊት ላይ ይበዛል፤ በጣምም ያሳክካል። ኤምፖክስ ደግሞ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ የብዙ ሰው ሥጋት ሆኗል። የእሱ ሽፍታ ጠለቅና ጠጠር ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ የንፍፊት እብጠት አብሮት ይመጣል፤ ብልት አካባቢም ሊወጣ ይችላል። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ግን በፎቶ ራሳችሁን እንድትመረምሩ አይደለም። እኛም በዓይን ብቻ መለየት የሚያቅተን ጊዜ አለ። ኤምፖክስ ካለበት ሰው ጋር ንክኪ ከነበራችሁ ወይም ሽፍታው ብልት ላይ ከወጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ።

አዋቂ ላይ አንዳንድ ጊዜ ከልጆቹ ይበረታል። በተለይ ኮክሳኪ ኤ6 የሚባለው ዓይነት ሽፍታውን እስከ ክንድ፣ እግርና የአፍ ዙሪያ ያሰፋዋል። ሽፍታው ከደረቀ በኋላ የመዳፍ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ሊላጥ ይችላል። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ጥፍር ከሥሩ ተለይቶ ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ፊንላንድ ውስጥ በነበረው ወረርሽኝ ይህ በብዙ ሰዎች ላይ ታይቷል። ያኔ ሽፍታው ስለተረሳ ሰው «ካንሰር ነው» ወይም «ደም አንሶኝ ነው» ብሎ ይጨነቃል። አትደንግጡ፤ ከሥሩ አዲስ ጥፍር ይመጣል። የእጅ ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪያድግ ግን ግማሽ ዓመት ያህል ይወስዳል።

ሕክምናው ምንድን ነው? ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለንም። አሞክሳሲሊንም ሆነ ሌላ አንቲባዮቲክ አይሠራበትም፤ መርፌም አያስፈልገውም። ለትኩሳትና ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ የጉበት ሕመም ያለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። ለልጆች አስፕሪን ፈጽሞ አትስጡ። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ ነጭ ሽንኩርት፣ አልኮልም ሆነ የጥርስ ሳሙና አትቀቡበት።

አፍ ሲቆስል በርበሬ፣ ሎሚና ትኩስ ነገር እሳት ነው። ለጥቂት ቀን ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ ወተት፣ እርጎ፣ የተፈጨ ሙዝ ውሰዱ። ምግቡ ቢቀንስ ችግር የለውም፤ ፈሳሹ ግን አይቀንስ። በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ጠጡ።

ስለ መተላለፍ ልንገራችሁ። ቫይረሱ በምራቅ፣ በንፍጥ፣ ከሽፍታው በሚወጣ ፈሳሽና በሰገራ ይተላለፋል። በጣም የሚተላለፈው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በሰገራ ግን ሽፍታው ከጠፋ በኋላም ለሳምንታት ይወጣል። ስለዚህ ዳይፐር ከቀየራችሁና ከመጸዳጃ ቤት ከወጣችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙናና በውኃ ታጠቡ። በአልኮል የሚሠራው ሳኒታይዘር በዚህ ቫይረስ ላይ ደካማ ስለሆነ በእሱ አትተማመኑ። መጫወቻዎችንና የበር እጀታን በበረኪና አጽዱ፦ 20 ሚሊ ሊትር በረኪና በ1 ሊትር ውኃ በጥብጡ፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ልጁ አፉ ውስጥ የሚያስገባውን መጫወቻ በኋላ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት።

ከሁሉ የሚከብደን ደግሞ ማዕዱ ነው። አንድ ትሪ ላይ እንበላለን፣ እንጎራረሳለን፣ ሕፃን ስናይ ጉንጩን እንስማለን። ለአንድ ሳምንት ሳህናችሁን ለዩ፤ ጉርሻውም ይቆይ። ቅር የሚለው ሰው ካለ ምክንያቱን ንገሩት። ምግብ የምታዘጋጁ፣ ሕፃናት የምትይዙና የጤና ባለሙያዎች ትኩሳቱ እስኪጠፋና ሽፍታው እስኪደርቅ ከሥራ ብትቀሩ ይመረጣል።

አሁን በደንብ ያዙልኝ። ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር፣ መደናገር፣ የማያቆም ትውከት፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ ከ3 ቀን ያለፈ ትኩሳት፣ ወይም ሽንት መቅረት ካለ ጊዜ አትስጡት። እንዲህ ያለ ነገር የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ነው፤ ግን ያጋጥማል። ነፍሰ ጡሮች፣ በተለይ መውለጃችሁ የደረሰ፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ። በአብዛኛው በቀላሉ ያልፋል፤ በወሊድ አካባቢ ግን ወደ አዲሱ ሕፃን ሊተላለፍ ይችላል። የበሽታ መከላከል አቅማችሁ የቀነሰም እንዲሁ። ቻይና ውስጥ ከቫይረሶቹ ለአንዱ፣ ለኢንቴሮቫይረስ 71፣ ክትባት አለ፤ በእኛ አገር መደበኛ ክትባት ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ ጋሻችን ሳሙናና ግልጽነት ነው።

ግልጽነት የምለው ይህን ነው። እጁን ኪሱ ውስጥ ደብቆ የሚሰነብት አባት ማታ ልጁን ያቅፋል። ነውር መስሏት የደበቀች ሞግዚት ሕፃኑን ታበላለች። በሽታው ከሰው ወደ ሰው እየተሻገረ የሚቀጥለው በዚህ ነው። ቤት ላላችሁ ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፤ ልጃችሁ የሚውልበት ማቆያም ይወቅ። ሌላ ሰው መዳፉን ሲያሳያችሁ ደግሞ «ምን አድርገህ ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ቤት ውስጥ የታመመ ልጅ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ለምታውቋቸው ወላጆች አጋሩላቸው። ጤና ይብዛላችሁ።