ከ«ልጆቼ» ቀጥሎ የገባችው ኮማ

ከዓመታት በፊት ትርጉም ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ አንዲት እናት ለኤምባሲ የሚገባ ደብዳቤ ይዘው መጡ። «አዲስ አበባ የሚኖሩት ልጆቼ ይጦሩኛል» ይላል። እኔም እንዲህ ብዬ ተረጎምኩት፦ «ማይ ችልድረን፣ ሁ ሊቭ ኢን አዲስ አበባ፣ ሰፖርት ሚ»። ከ«ችልድረን» ቀጥሎ አንድ ኮማ፣ ከ«አዲስ አበባ» ቀጥሎ ሌላ ኮማ። ማኅተም ተመታበት፤ እናትየዋም መርቀውኝ ሄዱ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። የኤምባሲው ቅጽ ላይ አምስት ልጆች ተሞልተዋል፤ አንደኛው ጅዳ ነው። የእኔ ትርጉም ግን ልጆቻቸው በሙሉ አዲስ አበባ እንደሚኖሩ ይናገራል። «ልጄ፣ እኔ እንደሱ አላልኩም እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ያላሉትን ያልኩት እኔ ነኝ፣ በሁለት ኮማ።

ትምህርት ቤት «ሪላቲቭ ክሎዝ» ስንማር «ሁ»፣ «ዊች»፣ «ዛት» እያልን ባዶ ቦታ ሞልተናል። ኮማው ምን እንደሚሠራ ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልንም። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የትኛው?» በእነዚህ ቃላት የሚጀምረው ቅጥያ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሆነ ኮማ አይገባም። «ልጆቼ» ሲሉ «የትኞቹ?» ቢባል «አዲስ አበባ ያሉት» ነው መልሱ፤ ስለዚህ ያለ ኮማ። የተባለው ነገር አስቀድሞ ተለይቶ የታወቀ ከሆነና ቅጥያው ተጨማሪ ወሬ ብቻ ከሆነ ግን ኮማ ያስፈልገዋል። ጣና ሐይቅ አንድ ነው። «ጣና ሐይቅ፣ ዓባይ የሚነሳበት» ብለን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ቅጥያውን ብናወጣውም ጣና ያው ጣና ነው። እንዲህ ያለው ቅጥያ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ሲገባ በሁለት ኮማ ይታጠራል፤ አንዱን ከፍቶ ሌላውን መርሳት በር ከፍቶ እንደመሄድ ነው። «ዛት» ደግሞ እዚህ አይገባም፤ ቦታው የ«ሁ» ወይም የ«ዊች» ነው።

እኛን የሚያስቸግረን ያለ ምክንያት አይደለም። አማርኛ ገላጩን ከስሙ በፊት ያመጣዋል፣ ኮማም አይጠይቅም። «አዲስ አበባ የሚኖሩት ልጆቼ» ሲባል ሌላ ልጅ መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው ነው። ሌላም አለ፦ «የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች። ተማሪ በእንግሊዝኛ «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» ብሎ ትርፍ «ኢት» ሲጨምር፣ ያቺን «ት» ይዞ መሻገሩ ነው። ስንፍና አይደለም፤ መምህራን ይህን ብታሳዩት ቶሎ ይገባዋል።

ግእዝ ግን ለእንግሊዝኛው ሥርዓት ቅርብ ነው። «አቡነ ዘበሰማያት» ስንል ስሙ ቀድሞ «ዘ» ይከተላል። የእንግሊዝኛውም ጸሎት ከ«አባታችን» ቀጥሎ ኮማ ያኖራል፤ ከብዙ አባቶች አንዱን እየመረጠ አይደለምና።

ቅጥያው የየትኛው ስም እንደሆነ መለየትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአሳንሰር ሠራተኛነት ትሠራ የነበረች አንዲት ሴት ሥራዋ ታጠፈ፤ ከዚያ የአካል ጉዳት ድጎማ ጠየቀች። ሕጉ ድጎማውን የሚሰጠው የቀድሞ ሥራውን መሥራት ለማይችል፣ «በአገሪቱ ኢኮኖሚ ውስጥ ያለ» ሌላ ሥራም መሥራት ለማይችል ሰው ነው። እሷም፦ «የቀድሞ ሥራዬ ዛሬ በአገሪቱ እምብዛም የለም፤ ‹ያለ› የሚለው ለእሱም መሥራት አለበት» ብላ ተከራከረች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ በእንግሊዝኛው በ«ዊች» የጀመረው ቅጥያ የሚገልጸው አጠገቡ ያለውን ስም ብቻ ነው። ሴትየዋ ተረታች። የአንድ ሰው መተዳደሪያ በአንድ «ዊች» ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

የእናትየዋን ደብዳቤ እዚያው ሁለቱን ኮማዎች አውጥቼ እንደገና አተምኩት። ሌላ ቃል አልነካሁም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣልኝ፣ አንዲት ቃል ሳልተረጉም በፊት ቀና ብዬ እጠይቃለሁ፦ «እናቴ፣ ሌላ ልጅ አለዎት?»