«መንገድ ላይ ነኝ»

መገናኛ ታክሲ ተራ ጥቂት የቆመ ሰው «ደርሻለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» የሚለውን ቃል ከየአቅጣጫው ይሰማል። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ገና ጫማውን እያሰረ ነው። የዚህን ቃል ዘር ማንዘር ልቆጥር ተነሥቼ ሳላስበው ከጦር አዛዦች ደብዳቤ ላይ ወደቅሁ።

ነገሩ እዚሁ ከበላያችን፣ ከእንጦጦ ይጀምራል። በ1928 ዓ.ም. ክረምት ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ ሦስት ወር አልሞላውም። ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን፣ አበበ አረጋይ፣ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም፣ ደጃዝማች ባልቻ ከተማዋን ከየአቅጣጫው በአንድ ጊዜ ሊመቱ ተስማሙ። ስልኩ በጠላት እጅ ነው። መልእክት የሚሄደው በሰው እግር ነው። ሐምሌ በእንጦጦ ሥር ለእግረኛ ምን ማለት እንደሆነ የቀበና ወንዝ ሲሞላ ያየ ያውቀዋል።

ሐምሌ 21 ውጊያው ሲከፈት የደረሰው ተዋጋ፤ ያልደረሰው መንገድ ላይ ነበር። የእነሱ «መንገድ ላይ ነኝ» እንግዲህ እውነት ነበር፣ በጭቃም በደምም የተከፈለበት። ጣሊያን አንድ በአንድ መለሳቸው። አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ሰሞን በአደባባይ ተረሸኑ።

የሚገርመኝ የጠላት ደብዳቤ አለመዘግየቱ ነው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጄኔራል ትራኪያ ለአበራ የላከው ወረቀት፣ እጅ ከሰጣችሁ አንዳች አይደርስባችሁም የሚለው፣ ከነአማላጁ ከራስ ኃይሉ ጋር ሳይጠፋ ፍቼ ደረሰ። ወንድማማቾቹ አምነው ገቡ፤ ተገደሉም። ሦስተኛው ወንድማቸው ወንድ ወሰን በላስታ በኩል በዚያው ወር ተገድሏል። ያ ወረቀት ባይደርስ ኖሮ ብዬ የማስበው ሐምሌን ሳስታውስ ነው፤ ያን ጊዜ አርበኞቹን ያጓተተው ጎርፍ ምነው ፍቼ በር ላይ በጠበቀ!

በግንቦት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ተራው ተገለበጠ። ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የጣሊያኑ ኮሎኔል ማራቬንታኖ አጅባር ላይ በሺህ የሚቆጠር ጦር ይዞ ቆሟል። የሚያሳድደው የእንግሊዙ ዊንጌት በቁጥር ያንሳል፤ ብዕሩን አነሣ። እንግሊዞቼን ይዤ ልሄድ ነው፣ ከዚህ በኋላ ጉዳይህ ከራስ ካሣና ከአርበኞች ጋር ነው ብሎ ጻፈለት። ማስፈራሪያው ከመድፍ የከበደው ራስ ካሣ ማን እንደሆኑ ለሚያውቅ ነው፤ የአበራ፣ የአስፋ ወሰንና የወንድ ወሰን አባት ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባ ሲገቡ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ነበር፤ ኮሎኔሉ ግን በዚህ ላይ ነፍሱን ለማስያዝ አልደፈረም።

እጁን ለዊንጌት ሰጠ።